ዝም ያለችው የሲያም ድመት

ሰባ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ልመካበት ብዬ እንዳልሆነ አንባቢ ገጹ ሲያልቅ ይረዳልኛል። ቃሉ ከአፌ የወጣው ጉንደ ወይን ላይ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጋቢዬ ሥር ድመት አቅፌ፣ በስልክ ነው። እዚያ እንዴት እንደ ደረስኩ በሥርዓቱ ላስረዳ።

በዚያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ ነበርኩ። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ሕይወት አጥንቻለሁ፤ ከዚያም ሠላሳ አራት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ። ከደወል በኋላ የመጣ ተማሪ አንድ እግሩ ከደፉ ገብቶ ቢሆን እንኳ እመልሰው ነበር። ቤቴም እንደ ክፍሌ ነበረ፤ ልዩነቱ፣ በቤቴ ውስጥ እኔ የሰበርኩትን እየተከተለች የምትጠግን ሰው መኖሯ ነው። ባለቤቴ አልጋነሽ በእኔ ስም ጎረቤት ይቅርታ ትጠይቅ፣ በእኔ ስም ልጅ ታባብል ነበር። እርሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። አንዲት ልጃችን ባንቺአምላክ ሞጣ ውስጥ ነርስ ናት። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች፤ ስለ ጤንነትና ስለ ዝናብ ተነጋግረን እንዘጋለን። ሌላ የምንባባለው አልነበረንም።

በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ በአንድ እሑድ፣ ሳትደውል በአካል መጣች። በእጇ ክዳኑ በገመድ የታሰረ ቅርጫት ይዛለች። ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ የሞጣዋ አከራይዋ ማታ ማታ የሚፈታው ውሻ አለው፤ ቅርጫቱ ውስጥ ያለችውን ደግሞ ለማን ትተዋት?

ክዳኑን ስትከፍተው የወጣችውን እንስሳ ወዲያው አወቅኋት። ገላዋ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ፊቷ፣ ጆሮዎቿ፣ እግሮቿና ጅራቷ ግን ከሰል የነካቸው ያህል የጠቆሩ፣ ዓይኖቿ ሰማያዊ። ሲያም የሚባለው የድመት ዘር ነው። የጠጕሩ ቀለም የሚሠራው የሰውነቱ ሙቀት ዝቅ በሚልበት ቦታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግልገሉ ነጭ ሆኖ ይወለድና ቀዝቃዛው ጫፍ ጫፉ ይጠቁራል። ይህንን ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምሬአለሁ፤ የፈተና ጥያቄም አድርጌዋለሁ። እንስሳውን በዓይኔ ሳየው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሐኪም ሲዛወር ትቶልኝ የሄዳት ናት» አለች ባንቺአምላክ። «ስሟ ዕንቁ ነው። አባዬ፣ እንደኛ አገር ድመት አይደለችም። ሰው ካልያዘች አትኖርም። ጠዋትና ማታ ካላነጋገሯት ትከፋለች።»

«ድመትን ምን ብዬ ነው የማነጋግራት?»

«እርሷው ትጀምርልዎታለች።» ከቦርሳዋ አንድ ጥቅልል አወጣች። «የለመደችው ሥጋና እንቁላል ነው። ይህን ቋንጣ በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፉ ይስጧት።»

«በሁዳዴ? ከዚህ ቤት?»

«የምትበላው እርሷ ናት እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

«ድስቱስ የማን ነው?»

ባንቺአምላክ ጥቅልሉን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «ወተትስ?»

«ወተት ይሁን። ሽሮ በእንጀራም አለ።»

«ባትበላስ?»

«ሲርባት ትበላለች» አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። የምትናገረው ያላት መሰለኝ። ነገር ግን የድመቷን ግንባር በአውራ ጣቷ አሻሽታ፣ ጉልበቴን ስማ ወጣች።

አንባቢ ሆይ፣ የሲያምን ድመት ድምፅ ሰምተህ ታውቅ እንደ ሆነ አላውቅም። የእኛ ድመት ሲርባት ጮኻ ታቆማለች። ይህቺ ግን ትጠይቃለች፤ መልስ ትጠብቃለች፤ መልሱ ሲዘገይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። ባንቺአምላክ የወጣችበት በር ሥር ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ጠየቀች። ስነሣ ትከተለኛለች፤ መጽሐፍ ስዘረጋ ገጹ ላይ ትተኛለች። በማግሥቱ ጎረቤቴ መሪጌታ ስምዖን ከቅዳሴ ሲመለሱ በሬን አንኳኩ። በዕድሜ በአምስት ዓመት የሚበልጡኝ የቅኔ መምህር ናቸው።

«መምህር፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ የነበረው ምንድን ነው? ልጅ ከደጅህ ጥለውብህ ሄዱ እንዴ?»

«የባንቺአምላክ ድመት ናት።»

«ጉድ ነው! እናቷን ትጣራለቻ።»

ዕንቁ በእነዚያ ሁለት ቀናት ጥቂት ወተት ከመላስ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ሽሮውን አሽትታ ፊቷን ትመልሳለች። እኔም አንድ ሥርዓት አወጣሁ። ወተቱ እስካለ ድረስ ሽሮውን አትነካም፤ ስለዚህ ወተቱ ይቅር። ሰው እየተከተለች የምትጮኸውም ሰው ስለምታይ ነው፤ ስለዚህ ዕቃ ቤት ትግባ፣ በዚያው አይጥ ትያዝ። ሰኞ ማታ ገብሱና ጤፉ ካለበት ክፍል አስገብቼ፣ ሽሮና ውሃ አስቀምጬ ዘጋሁባት። በማስታወሻ ደብተሬም ሰዓቱን ጻፍኩ።

ማክሰኞ የበሩን ሥር እየቧጠጠች ስትጮኽ መሪጌታ በአጥሩ በኩል ተናገሩኝ።

«ጾም በድመት ላይ ማን አዘዘ?»

«ነነዌ ላይ እንስሳቱም ጾመው የለ?»

«ሦስት ቀን ነው የጾሙት። ያውም ንጉሥ አዝዞ፣ ነቢይ ሰብኮ። አንተ የትኛው ነህ?»

«ዐመሏን ላስተዋት ነው እንጂ…»

«ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማህም? ክፈትላት፣ መምህር።»

አልከፈትኩላትም። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ጩኸቱ ቆመ። ቤቱ እንደ ቀድሞው ጸጥ አለ። መነጽሬን አድርጌ በደብተሬ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፦ «ተገራች።»

ሐሙስ ማታ ባንቺአምላክ ደወለች። እሑድ አልነበረም።

«ዕንቁ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ድምፅዋን ያሰሙኝ እስቲ። ስልኩን ወደ እርሷ ያድርጉልኝ፤ ስጠራት ሁልጊዜ ትመልስልኛለች።»

ዕቃ ቤቱ ከቆምኩበት አምስት እርምጃ አይርቅም። ወደዚያ ሄጄ በሩን መክፈት ነበረብኝ። «ተኝታለች» አልኳት።

«በዚህ ሰዓት? እርሷ ተኝታም ስሟን ስትሰማ ትመልሳለች እኮ።»

«ተኝታለች አልኩሽ።»

«እሺ አባዬ» ብላ ዘጋችው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሚዋሽ ተማሪ በዓይኑ አውቅ ነበር። ያን ጊዜ መስታወት ፊት አለመቆሜ በጀኝ።

መብራት ይዤ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። የሦስት ቀን ሽሮ በሳህኑ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዕንቁ ከገብሱ ጆንያ ኋላ አራት እግሯን ከሥሯ አጥፋ ተኮራምታለች። ስጠራት ጆሮዋ እንኳ አልተነቃነቀም። አንሥቼ ወደ ብርሃኑ ሳስጠጋት የጆሮዋ ውስጠኛ ቆዳ እርድ የተቀባ ያህል ቢጫ ሆኗል። ከንፈሯን ገለጥኩ፤ ድዷም ቢጫ ነው። ድመት ለቀናት ሳትበላ ስትቀር፣ ይልቁንም እንደ ዕንቁ የደለበች ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ጉበቷን ይሞላውና ያፍነዋል። ከዚያ በኋላ ቢርባትም መብላት አትችልም። ሲርባት ትበላለች ያልኩት የሥነ ሕይወት ምሩቁ ነኝ።

ወተት አሙቄ አቀረብኩላት፤ ፊቷን አዞረች። በጣቴ ከንፈሯ ላይ ብቀባው ሳትልሰው ፈሰሰ። ሊነጋጋ ሲል መሪጌታን ጠራኋቸው። አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ነግሬህ ነበር» ግን አላሉኝም። አብረውኝ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያው ሄዱ። ዘበኛው ባለሙያዎቹ ለክትባት ገጠር እንደ ወጡ ነገረን።

«ላም ናት የታመመችው?»

«ድመት ናት።»

«ድመት?» ብሎ መሪጌታን አየ፤ የምቀልድ መስሎት ነው።

«ሞጣ የእንስሳት ሐኪም አለ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ መሪጌታ። «ለልጅህ ደውልላት።»

«እሄዳለሁ እንጂ አልደውልም። ስትመጣ ድና ታግኛት።»

«መምህር…»

«አልደውልም።»

መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን የሚዘጋበት ዘመን ነው። ያን ዓርብ አንድ ሚኒባስ ወደ ሞጣ ሊወጣ ሰው ይጠራ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ቅርጫቱን በጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው ክዳኑን እያነሣሁ ትተነፍስ እንደ ሆነ አያለሁ። በአጠገቤ ጥላዋን በእግሮቿ መካከል ያቆመች፣ ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች።

«አባቴ፣ ምን ይዘው ነው እንዲህ የሚሳሱለት?»

«ድመት።»

«ወዴት ይወስዷታል?»

«ሐኪም ዘንድ።»

ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቀ። «እኛ ሐኪም አጥተን ድመት ትታከም!» ሴትዮዋ ግን ክዳኑን ራሷ ከፍታ አየች። «ኧረ ይቺ የወፍ በሽታ ነው የያዛት! ጆሮዋን አታዩም?» ያው ሰውዬ ከኋላ «አይ ዘመን! ድመትን ወፍ ያዛት በሉኛ» አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሹፌሩ እንኳ ትከሻው ተነቃነቀ። እኔ ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ።

«ይሳቁ፣ አይስሟቸው» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ገላዋ በርዷል። ከጋቢዎ ሥር ያስገቧት፤ ከቅርጫት ሰው ይሞቃል።»

አስገባኋት። እስከዚያ ቀን ድረስ እንስሳ በእጄ የያዝኩት ለማስተማሪያ ልቀድደው ሲሆን ብቻ ነበር። ዕንቁ አፍንጫዋን ከብብቴ ሥር አስገባች፤ ክብደቷን ሁሉ ለቀቀችብኝ። በር የዘጋባትን ሰው ጠረን አውቃለች፤ ሌላ ሰው ግን አልነበራትም።

ጉንደ ወይን ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ ተሽከርካሪዎች ተሰልፈው ቆመዋል። «እስኪፈቀድ ነው» አለ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ። እስከ መቼ እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፈለገ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። አንድ ሰዓት አለፈ። ትንፋሿ እያጠረ፣ በመካከል እየቆመ ይቀጥል ጀመር። በጣቶቼ የልቧን ምት ስቆጥር ቁጥሩ እየጠፋኝ እንደገና እጀምራለሁ።

ያን ጊዜ ላነጋግራት ጀመርኩ። ምን እንደምላት ስላላወቅሁ የማውቀውን አልኳት፤ ስለ ዘሯ፣ ለምን ጆሮዋ እንደ ጠቆረ፣ ለምን ዓይኗ ሰማያዊ እንደ ሆነ። ትምህርቱ አለቀብኝ። ከዚያ ስለ አልጋነሽ ነገርኳት። «እርሷ ብትኖር አንቺን ዕቃ ቤት አላስገባሽም ነበር» አልኳት። ይህን ስል ጆሮዋ አንዴ ተነቃነቀ። በመንገዱ መከራ የደከመ ሽማግሌ የሚያየው ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሣችው።

«ባንቺአምላክ፣ ጉንደ ወይን ነኝ። ዕንቁን ይዤ ወደ ሞጣ እየሄድኩ ነው። ልትሞትብኝ ነው።»

«አሁን ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች።»

«ከበላች ስንት ቀኗ ነው?» ድምፅዋ የነርስ ድምፅ ሆነ።

«ከሰኞ ወዲህ አልቀመሰችም። ወተቱንም ከለከልኳት። ብቻዋን ዕቃ ቤት ዘጋሁባት።»

«ትናንት ተኝታለች ያሉኝስ?»

«ዋሽቼሽ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። በመጨረሻ «የሐኪሙን ቁጥር እልክልዎታለሁ፤ እኔም እመጣለሁ» አለችና ዘጋች።

መንገዱ ከቀትር በኋላ ተከፈተ። ሞጣ ስንገባ ሴትዮዋ ቅርጫቱን ተሸክማልኝ እስከ ሐኪሙ በር ድረስ መጣች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ይህም አንዱ ጥፋቴ ነው። ሐኪሙ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ ከላምና ከበግ በቀር ብዙ የማይመጣለት ወጣት ነው። ድመቷን በሁለት እጁ መዝኖ፣ በትከሻዎቿ መካከል የመዳፍ ያህል ስፋት በምላጭ ላጨና ከቆዳዋ ሥር ግሉኮስ ሰጣት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «ለዚህ በሽታ እዚህ ብዙ መድኃኒት የለኝም። መድኃኒቱ ምግብ ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በየሦስት ሰዓቱ። የተፈጨ ጉበት፣ የእንቁላል አስኳል። ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ላትተርፍም ትችላለች።»

ባንቺአምላክ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሰች። ዕንቁን በስሟ ጠራቻት፤ ዕንቁ አልመለሰችም። ልጄ ግንባሯን ከጠረጴዛው አስደግፋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ እዚሁ ሞጣ አክስቴ ዘንድ ለትምህርት አስቀመጡኝ። ትዝ ይልዎታል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«እናቴን ፈልጌ እህል አልበላ ስል አክስቴ ሰው ላከችብዎት። ምን ብለው እንደ መለሱላት ያስታውሳሉ?»

አላስታወስኩም ነበር። እርሷ ከመናገሯ በፊት ግን አወቅኩት።

«‹ሲርባት ትበላለች።› አክስቴ ፊቴ ላይ ነው የነገረችኝ። እናቴ ሳታስፈቅድዎት መጥታ ወሰደችኝ። ባትመጣ ኖሮ ይህቺን እሆን ነበር።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ማስረጃ፣ ምክንያት፣ የዘመኑ ሁኔታ፣ ሁሉም በተርታ መጣልኝ። ሁሉንም ትቼ «እርሱንም አጥፍቻለሁ» አልኳት። ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። አላለቀሰችም፣ አላቀፈችኝም። «እንግዲያው እርስዎ ነዎት የሚያበሏት» ብላ ሲሪንጁን እጄ ላይ አደረገችው። እሑድ ወደ ሥልጠናዋ ተመለሰች። እኔ ከእርሷ ኪራይ ቤት ቀረሁ።

ችግሩ ጉበቱ ነው። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤት አይከፈትም። የተከፈተው የሙስሊሞቹ ነው፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ እያየሁ፣ ሰልፍ ገባሁ።

«አባባ፣ የእናንተ ጾም ተፈታ እንዴ?» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

«ለድመት ነው።»

«ወላሂ፣ በሁዳዴ የሚመጣው ሁሉ ለድመት ነው የሚለኝ! ሞጣ ይህን ሁሉ ድመት የት ነው የምታስቀምጠው?»

ሰልፉ ሳቀ። በፊት ቢሆን ጥዬ እወጣ ነበር። በማግሥቱ ዕንቁን ከጋቢዬ ሥር ይዤ ሄድኩና ራሷን ብቅ አደረግኩለት። ቢላዋውን አስቀመጠ። «ማሻአላህ፣ ዓይኗ!» አለ። «እኔ እኮ ሲቀልዱ ነው የመሰለኝ። ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?»

«እኔ አስርቤያት ነው» አልኩት። ለሁለተኛ ሰው ሲነገር ቀሎኝ አገኘሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉበቱን ጅማቱን አውጥቶ፣ አድቅቆ ያስቀምጥልኝ ነበር።

በየሦስት ሰዓቱ አበላኋት። አንዳንድ ቀን ያበላኋትን ሁሉ ትተፋዋለች፤ እንደገና እጀምራለሁ። በሰባተኛው ቀን የጆሮዋ ቢጫነት ሣሣ። ድምፅ ግን የለም። ሐኪሙ እየዳነች ነው ቢለኝም አላመንኩትም፤ የዚህን ዘር ዝምታ ትርጉሙን አውቄዋለሁና። በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ እንቁላል ልቀቅል ጀርባዬን ስሰጣት ከኋላዬ ተጠየቅኩ። ጎርነን ያለ፣ የተሰበረ፣ ግን ያው ቁጡ ጥያቄ። ዞሬ «እሺ፣ መጣሁ» አልኳት። ደገመችው። ስልኬን አንሥቼ ባሕር ዳር ደወልኩና ምንም ሳልናገር ወደ ዕንቁ አደረግኩት። ከወዲያ በኩል ልጄ ስሟን ስትጠራ፣ ከወዲህ በኩል ድመቷ ስትመልስ፣ እኔ በመካከላቸው እጄን ዘርግቼ ቆሜ ነበር።

አንባቢዬ፣ አንዳንድ ሰው ይህን ዘር ላሳድገው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ብልህ ነው፤ የበር መቀርቀሪያ መክፈት በሁለት ቀን ይለምዳል። ይቀናል፤ ከመጽሐፍህ ጋር ይጣላል። አንድ ሰው መርጦ ይይዛል፤ ያ ሰው ሲርቅ ያዝናል። ቀኑን ሙሉ ቤቱን ዘግቶ የሚውል ሰው አይያዘው። ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ ይፈልጋል፤ መልስ ያጣ ጊዜ ዝም ይላል። ያን ዝምታ መታዘዝ ነው ብለህ እንዳትጽፍ። እኔ በድመትም በሰውም ጽፌዋለሁ፤ ስንት ዝም ያለ ተማሪ ጨዋ ብዬ ውጤት እንደ ጨመርኩለት አሁን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ባንቺአምላክ ከሥልጠናዋ ስትመለስ «ቢቸና መቼ ይሄዳሉ?» አለችኝ። «ስታባርሪኝ» አልኳት። እስከ ዛሬ አላባረረችኝም። የቢቸናውን ቤት ለአስተማሪዎች አከራይቻለሁ፤ መሪጌታም ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት የድመቷን ጤና ነው።

ሐኪሙ የላጨው ቦታ ጠጕር ሲያወጣ በነጩ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የተራቆተ ቆዳ ይቀዘቅዛል፤ የሞጣም ክረምት ብርድ አለው፤ ይህ በሰሌዳ ላይ ያስተማርኩት ነው። ክረምቱን ሙሉ ያን ምልክት እያየሁ አበላኋት። በሚቀጥለው ዓመት ጠጕሯ ሲረግፍ ነጩ ተመለሰና ምልክቱ ጠፋ። የእኔው ግን በደብተሬ ላይ አለ። «ተገራች» የሚለውን ቃል አልሰረዝኩትም፤ በቀይ እስክርቢቶ የስሕተት ምልክት አድርጌበት፣ ከጎኑ ዜሮ ሰጥቼ፣ በተማሪው ስም ቦታ የራሴን ስም ጽፌበታለሁ።